«ተነሥና ሩጥ» ማለት ሕክምና አይደለም

ባለፈው ሰሞን ከለቅሶ ቤት ስወጣ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ። የበኩር ልጃቸው ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ከጀመረው ስምንት ዓመት ሆኖታል። በየወሩ መርፌውን ይወጋል፣ ማታ ማታ ክኒኑን ይውጣል። «ይከተሉኛል፣ ይሰድቡኛል» ማለቱን ካቆመ ቆይቷል፤ ግን ከአልጋው አይነሣም፣ ከሰው ጋር አይጫወትም፣ ሰውነቱም ከብዷል። «ልጄ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ ስለምትጽፍ ሳታውቅ አትቀርም ብዬ ነው» አሉኝ። «ስፖርት ይህን በሽታ ያድናል ሲባል እህቱ ሰምታ ነገረችኝ። እውነት ከሆነ ይህን የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ላስቁመው?» አጠገባቸው የቆሙት ወንድማቸው ጥያቄው እስኪያልቅ አልጠበቁም። «የምን መድኃኒት፣ የምን በሽታ! መተኛት ለምዶ ነው። ተነሥና ሩጥ በይው፤ ወር ሳይሞላው ይስተካከላል» አሉ።

ነገሩ ለቅሶ ቤት በር ላይ የሚያልቅ ስላልነበረ «መድኃኒቱን እንዳያስቆሙት» ብቻ ብዬ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ይህን የሚጠይቁት እኚህ እናት ብቻ አይደሉም። በብዙ ቤት ነገሩ «ወይ ይኼ ወይ ያኛው» ተብሎ ነው የሚቀርበው፦ ወይ ክኒን ወይ ስፖርት፣ ወይ በሽታ ወይ ስንፍና። እኔ እንደማምነው ሁለቱም አጠያየቆች ስሕተት ናቸው። ልብንና ሳንባን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ብስክሌት፣ ለስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም። ከዚህም አልፌ የምለው አለኝ፦ ታማሚውን ብቻውን «ውጣ» ብሎ ማዘዝ ይህን ሕክምና መስጠት አይደለም። አብሮት የሚወጣ ሰው ካልተገኘ ሕክምናው ገና አልተጀመረም።

ክኒኑ የደረሰበትና ያልደረሰበት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ይኖራሉ፤ ይህም ከ300 ሰው አንድ ማለት ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ልጁ ትምህርቱን ሊጨርስ፣ ሥራ ሊይዝ፣ ትዳር ሊያስብ በሚልበት ወቅት ነው። መንደሩ የሚያውቀው የሕመሙን አንድ ፊት ብቻ ነው፤ የሌለ ድምፅ መስማትን፣ መጠራጠርን፣ ብቻ ማውራትን፣ አንዳንዴም ጨርቅ መጣልን። ሌላው ፊት ድምፅ የለውም። ሰውየው ፍላጎቱ ይነጥፋል፣ ፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም አይነበብም፣ ንግግሩ ያጥራል፣ ጓደኛ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ሦስተኛው ደግሞ ማሰብን የሚነካው ነው፦ የተነገረውን መያዝ ያቅተዋል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ይቸግረዋል፣ ገበያ ተልኮ ከሦስቱ ዕቃ ሁለቱን ረስቶ ይመለሳል።

ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ በአእምሮ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ሲታወቅ የዚህ ሕመም ታሪክ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የመጡትም መድኃኒቶች በአብዛኛው ዶፓሚን በተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር ላይ ይሠራሉ። በመጀመሪያው ፊት ላይ፣ በድምፁና በጥርጣሬው ላይ፣ ኃይላቸው ትልቅ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ግን ደካሞች ናቸው። የእኚያ እናት ልጅ ድምፁ ጠፍቶለት ከአልጋው ያልተነሣው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚችለውን ሠርቷል፤ የቀረው መድኃኒቱ በደንብ የማይደርስበት ቦታ ነው። በዚህ ላይ መድኃኒቱ ራሱ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። አንዳንዱ ያስተኛል፣ አንዳንዱ ሰውነትን ያደርቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንደ ኦላንዛፒን ያሉት ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ከፍተው ክብደት ይጨምራሉ። እናትየዋ «የሚያደነዝዘው» ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ለምን አይቆምም? ምክንያቱም ያለ እሱ የሚሆነው በቁጥር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የ65 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ ሰብስቦ ነበር። መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት 100 ታማሚዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 27 ነበሩ። መድኃኒቱ ተቋርጦ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው 100 ውስጥ ግን 64 አገረሸባቸው። ይህን ልዩነት ሩጫ ይሞላዋል የሚል ጥናት የለም። እንዲያውም ስለ እንቅስቃሴ የተጻፉት መልካም ውጤቶች በሙሉ ለማለት ይቻላል የተገኙት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ከሚሠሩ ሰዎች ነው። ስለዚህ «ስፖርት ጠቀመ» የሚለውን ዜና ይዞ መድኃኒት የሚያስቆም ሰው ዜናውን ከመካከሉ ቆርጦ ነው ያነበበው። ይኸው ስሕተት በፀበል ላይም ስንሠራው የኖርነው ነው። ወደ እንጦጦ የሚወጣ ቤተሰብ ፀበሉን ሊጀምር ሲል ክኒኑን ከጓዳ ያስቀራል፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ የሚል ሰው ስላላጋጠመው ብቻ።

ጥናቶቹ በእርግጥ ያሉት

አሁን በጎ በጎውን ልናገር። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት የብዙ ሐኪሞችን ቀልብ ሳበ። ስምንት የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ለሦስት ወር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 30 ደቂቃ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ። ሌሎች ታማሚዎች በዚያው ሰዓት ጆተኒ ይጫወቱ ነበር። በመጨረሻ አንጎላቸው በማሽን ሲታይ ብስክሌት በነዱት ዘንድ ሂፖካምፐስ የተባለው፣ ለማስታወስ ዋና የሆነው የአንጎል ክፍል መጠኑ 12 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ ጆተኒ በተጫወቱት ዘንድ ግን ይህ አልታየም። አንጎሉ በሕመም የተጎዳ ሰው ፔዳል በመርገጥ ብቻ አንጎሉ ሊያብብ ይችላል የሚል ተስፋ ከዚህ ተነሣ። ተስፋው ግን ጸንቶ አልቆየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኔዘርላንድ ለስድስት ወር በተካሄደ ሌላ ጥናት የሂፖካምፐስ ዕድገት አልተገኘም። በስምንት ሰዎች ላይ የታየን ነገር የሁሉ ሰው ዕጣ አድርጎ ማውራት ለታማሚውም ለቤተሰቡም አይበጅም። «አንጎልን ያሳድጋል» የሚለው ወሬ ግን አሁንም ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል።

ጠንከር ያለው ማስረጃ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪታንያ ተመራማሪዎች በጠቅላላው 695 ታማሚዎች የተሳተፉባቸውን 20 ጥናቶች መረመሩ። በሳምንት 90 ደቂቃ ያህል መካከለኛና ከዚያ በላይ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ የሠሩ ሰዎች የሕመም ምልክቶቻቸው ቀለል ብለው ተገኙ፤ አቅማቸውም ጨመረ። የሚገርመው ክብደታቸው አለመቀነሱ ነው። ልጃቸው እንዲከሳ ብለው የሚያስወጡት ቤተሰቦች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ ሚዛኑ ስላልተንቀሳቀሰ «አልሠራም» ብለው ያቋርጡታልና። ከሁለት ዓመት በኋላ ከእነዚሁ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ያሉበት ቡድን 10 ሙከራዎችንና 385 ታማሚዎችን ለይቶ ተመለከተ፤ ጥያቄው እንቅስቃሴ ማሰብን ይጠቅማል ወይ የሚል ነበር። መልሱ አዎን ሆነ። ትኩረት፣ የሰውን ስሜት መረዳት፣ ነገርን በአእምሮ ይዞ መቆየት ተሻሽለዋል። መሻሻሉ መጠነኛ ነው፤ ግን የታየው መድኃኒቱ ደካማ በሆነበት በዚያ በሦስተኛው ፊት ላይ ነው። በዚህ ጥናት ውስጥ ያለች አንዲት ነገር ደግሞ ለእኔ ከሁሉ ትበልጣለች። ውጤቱ የጎላው የእንቅስቃሴ ባለሙያ አብሮ ሆኖ በሚያሠራቸው ታማሚዎች ላይ ነበር።

ተጠራጣሪ ሐኪሞች አሉ፤ የሚሉትም ያስኬዳል። ጥናቶቹ ትናንሾች ናቸው፣ ዕድሜያቸው የወራት ነው፣ ክኒንን በባዶ ክኒን እንደሚደብቁት ሩጫን ከሚሮጠው ሰው መደበቅ አይቻልም ይላሉ። ለዚህ ጥርጣሬ የተሻለውን መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የጀርመን ጥናት ነው። 180 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለስድስት ወር ልብና ሳንባን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሰውነትን የሚያፍታታ፣ ጡንቻን የሚያጠነክርና ሚዛንን የሚያስጠብቅ ቀላል ልምምድ በባለሙያ ፊት ሠሩ። ውጤቱ ብዙዎችን አሳዘነ፤ የመጀመሪያው ቡድን ከሁለተኛው በልጦ አልተገኘም። ነገር ግን ሁለቱም ቡድኖች ተሻሽለዋል፦ በሕመም ምልክት፣ በዕለት ተዕለት ኑሮ፣ በማሰብም። ስድስቱ ወር ሳያልቅ ያቋረጡት ደግሞ ከአንደኛው ቡድን 60 በመቶ ገደማ፣ ከሌላው 57 በመቶ ነበሩ።

ይህን ውጤት አንዳንዶች «ሩጫ ዋጋ የለውም ማለት ነው» ብለው ያነቡታል። እኔ እንዲያ አላነበውም። ጭራሽ ያልተንቀሳቀሰ ሦስተኛ ቡድን ስላልነበረ የሁለቱ መሻሻል ከጡንቻው ይምጣ ከጊዜው፣ ወይስ በሳምንት ጥቂት ቀን ተነሥቶ ልብስ ለብሶ የሚጠብቀው ሰው ጋ ከመሄዱ፣ ጥናቱ ለይቶ ሊነግረን አይችልም። ሐቀኛ መሆን ካለብን ይህን መቀበል አለብን። ነገር ግን ሁለቱ ቡድኖች የተካፈሉትን እንይ፦ የታወቀ ቀንና ሰዓት፣ የሚንቀሳቀስ ሰውነት፣ ስም ጠርቶ የሚቀበል አሠልጣኝ። ሶምሶማው ከማፍታታቱ ይበልጣል አይበልጥም የሚለው ክርክር ለተመራማሪዎች ይቆይ። ቤት ለተኛው ልጅ የሚያስፈልገው እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ «ሩጥ በይው» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ደግሞ ከሦስቱ አንዱም የለም።

ስንፍና ያልነው ነገር

የአጎትየው ንግግር አስቆጥቶኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ከግማሽ በላይ ትክክል ነበሩ። ልጁ መንቀሳቀስ እንዳለበት ያዩት እሳቸው ናቸው። የሳቱት ምክንያቱን ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው የማይነሣው መነሣት የሚባለውን ነገር የሚያስጀምረው ሞተር ስለታመመ ነው። ጤነኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ ቡናው ይታየዋል፣ የሚያገኘው ሰው ይታየዋል፣ ደስታው ከድርጊቱ ቀድሞ ደርሶ ይጎትተዋል። በዚህ ሕመም ያ ቀድሞ የሚመጣ ደስታ ይደክማል። ሰውየው ከወጣ በኋላ ሊደሰት ይችላል፤ እንደሚደሰት ግን አስቀድሞ አይታየውም። በዚያ ላይ ማታ የዋጠው መድኃኒት እስከ ረፋድ አይለቀውም፣ እግሩ ደርቋል፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጣት የሚቀስሩበት ልጆች አሉ። በብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ነቅተው ከሚውሉበት ሰዓት ስምንቱን ያህል በመቀመጥና በመጋደም ያሳልፉታል።

አይፈልጉም እንዳንል ግን ተጠይቀው መልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስለ እንቅስቃሴ የሰጡትን መልስ አሰባስቦ ነበር። 91 በመቶዎቹ ጤናቸውን ማሻሻል እንዲንቀሳቀሱ እንደሚያነሣሣቸው ተናግረዋል። ምን ያግዳችኋል ሲባሉ 61 በመቶዎቹ ጭንቀትንና የመንፈስ መውደቅን፣ 50 በመቶዎቹ የሚደግፍ ሰው ማጣትን ጠቅሰዋል። እንግዲህ ፍላጎቱ አለ፤ የጠፋው ድልድዩ ነው። እግሩ የተሰበረን ሰው «ተራመድ» ብለን ባለመራመዱ አንቆጣም፤ ምርኩዝ እንሰጠዋለን፣ ትከሻችንን እናስይዘዋለን። ለዚህ ልጅ ምርኩዙ ሌላ ሰው ነው።

በኛ አገር ደግሞ ሌላ የሚያስቸግር ነገር አለ። ሩጫን የምናውቀው በአትሌቶቻችን ነው። ሩጫ የጀግና፣ የሜዳሊያ፣ የቀጭንና የብርቱ ሰው ሥራ ሆኖ ነው በልባችን የተቀረፀው። ንጋት ላይ ጃን ሜዳ ሄዶ ለሚያይ ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ይፈጥናል። በመድኃኒት የከበደ፣ ሲራመድ እጁን የማያወዛውዝ ሰው እዚያ መካከል ሲገባ ራሱን እንደ እንግዳ ቢቆጥር አይፈረድበትም። ስለዚህ ስለ ሕክምናው ስናወራ «ሩጫ» የሚለውን ቃል ራሱን ብንተወው እመርጣለሁ። ከሰው ጋር እየተነጋገሩ መሄድ የሚቻልበት፣ ዘፈን ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት እርምጃ ይበቃል።

«ይህ የጠገበ አገር ወሬ ነው» ለሚሉ

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ተቃውሞ ይኼኛው ነው። የአውሮፓ ሐኪሞች ስለ እንቅስቃሴ አጥብቀው የሚናገሩበት አንዱ ምክንያት ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ከሌላው ሰው በአማካይ 15 ዓመት ገደማ ቀድሞ ስለሚሞትና ከገዳዮቹ ግንባር ቀደሙ የልብ ሕመም ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ግን ስዕሉ ይለያል። በቡታጅራና በአካባቢው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለው የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት በዚያ ጊዜ 121ዱ መሞታቸውን መዝግቧል። ከዕድሜያቸው የጎደለው 30 ዓመት ያህል ነው። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ደግሞ ልብ ሳይሆን ተላላፊ በሽታ ነበር። በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሚኖርባቸው ቤተሰቦች 32.5 በመቶው ብርቱ የምግብ እጦት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በሌሎቹ ቤቶች 15.9 በመቶ ነበር። ሌሊቱን ሳይበላ ላደረ ሰው «በሳምንት 90 ደቂቃ ሶምሶማ» ብሎ መጻፍ ጭካኔ ነው። ቀኑን ሙሉ በሬ ተከትሎ የሚውል ታማሚም የእርምጃ ምክር አያሻውም። በቤት ውስጥ በሰንሰለት ለታሰረ ታማሚ መጀመሪያ የሚደረገው ሰንሰለቱን መፍታት ነው።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ከዚህ ተነሥቶ ግን «እንግዲያው ለኢትዮጵያዊ ታማሚ እንቅስቃሴ ቅንጦት ነው» የሚለው ድምዳሜ ላይ አልደርስም። በከተማ፣ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ክብደት የሚጨምር መድኃኒት እየወሰደ ዓመታት የተኛ ወጣት ቁጥሩ ጥቂት አይደለም፤ የእሱ ዕጣ ከአውሮፓው ታማሚ ዕጣ ጋር እየተቀራረበ ነው። ምን እንደሚቀድም መወሰን ያለበት የሚኖርበትን ቤት አይቶ ነው። አንዱ ዳቦ ይቀድመዋል፣ አንዱ የተላላፊ በሽታ ምርመራ፣ አንዱ እርምጃ።

አብሮ የሚወጣ ሰው ማዘጋጀት ውድ ነው ለሚለውም መልሱ እዚያው ሶዶ ነው ያለው። ራይዝ በተባለው ጥናት 166 የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ለአንደኛው ወገን ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ ሥልጠና የተሰጣቸው፣ ሐኪምም ነርስም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያግዟቸው ነበር፤ መድኃኒት እንዳያቋርጡ፣ ወደ ሥራቸውና ወደ ማኅበራዊ ኑሮአቸው እንዲመለሱ። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ታማሚዎች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ኑሮን የመቻል አቅማቸው ተሽሎ ተገኘ። ጥናቱ ስለ ሩጫ አልነበረም፤ እኔም እንዲያ አላስመስለውም። ያሳየው ግን ለእኔ ክርክር ወሳኝ የሆነውን ነገር ነው፦ በገጠር ኢትዮጵያ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ በር አንኳኩቶ «ተነሥ፣ አብረን እንሂድ» የሚል ሰው ማዘጋጀት ይቻላል፤ ለውጥም ያመጣል።

ቤተሰቦቻችንም ለዚህ እንግዳ አይደሉም። ልጁን ይዞ በማለዳ የእንጦጦን አቀበት የሚወጣ አባት፣ ወንድሟን ደግፋ ፀበል የምታደርስ እህት፣ ያደረጉት ነገር ከእምነቱ በተጨማሪ እርምጃም ነው፣ አብሮነትም ነው። ያ ትዕግሥት ፀበሉ ሲያበቃ ለምን ይቆማል? የፀበሉን ሰባት ቀን አብሮ የወጣ ሰው በስምንተኛው ቀን ልጁን አልጋው ላይ ትቶት ለምን ይመለሳል?

ለእናትየዋ ያልሰጠሁት መልስ

ያን ቀን በር ላይ ማለት የነበረብኝ ይህን ነው። በመጀመሪያ መርፌውም ክኒኑም አይቋረጥ። ድንዛዜው ከበዛበት በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መጠኑ ሊስተካከል፣ የሚወሰድበት ሰዓት ሊለወጥ፣ ዓይነቱም ሊቀየር ይችላል። ይህን ማድረግ ግን የሐኪሙ ድርሻ ነው። በዚያው ቀጠሮ እንቅስቃሴ ልናስጀምረው ነው ብለው ደም ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ልቡን እንዲያዩለት ይጠይቁ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ከተቀመጡበት ሲነሡ ስለሚያዞሩ ቀስ ብሎ ይነሣ። ለሰውነት መድረቅና ለመንቀጥቀጥ እንደ አርቴን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ላብ ስለሚቀንስበት ሙቀት ሊጎዳው ይችላል፤ የቀትር ፀሐይ ይቅርበት፣ ውኃ ይጠጣ። ጠዋት መድኃኒቱ ስለሚጫነው ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሻል አይቀርም። ጫት የሚቅም ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ አይደብቁ፤ ሕመሙን ይቆሰቁሰዋልና።

የመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ይበቃል፤ እስከ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መመለስ። እየቆየ በሳምንት ሦስት ቀን 30 ደቂቃ ቢደርስ ጥናቶቹ የሚናገሩለት 90 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። ከሰኞ እስከ ሰኞ ሰዓቱ አንድ ይሁን። እርምጃው መቀጫ አይሁን፤ «ካልሄድክ አትበላም» አይባል። መንገድ ላይ ባይናገርም ግድ የለም፣ ዝም ብሎ አብሮ መሄድም መሄድ ነው። ከጎኑ የሚሄደው ሰው እርስዎ ብቻ ከሆኑ ይደክሙና በወሩ ያቆማሉ፤ ስለዚህ እህቱ አንድ ቀን፣ ያ «ስንፍና ነው» ያሉት ወንድምዎ ደግሞ አንድ ቀን ይውሰዱ። አጎቱ ሁለት ወር አብረውት ቢሄዱ ስንፍና የሚለውን ቃል ራሳቸው ይተውታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ግን ሁሉንም መጫን አይገባም። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ለተመላላሽ ታካሚዎቻቸው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ግቢያቸውን ከፍተው አንድ ነርስ ወይም አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመራው የእርምጃ ሰዓት ቢያዘጋጁ ማሽን መግዛት፣ አዳራሽ መሥራት አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ደግነት ሳይቆጥሩ ከሕክምናው ዝርዝር ውስጥ አስገብተው ሰዓትና ሰው መመደብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ነፍሰ ጡርና ሕፃን ለማየት በሚያንኳኩት በር ውስጥ አንድ የተኛ ወጣት ካለ ስሙን ይጠይቁ። ጤና ሚኒስቴር የአእምሮ ጤና ዕቅድ ሲያወጣ የክኒኑን አቅርቦት ብቻ ቆጥሮ እንዳያበቃ እጠይቃለሁ።

እርስዎም፣ እናቴ፣ ልጅዎ ነገ በ11 ሰዓት ሲጠሩት ፊቱን ወደ ግድግዳው ቢያዞርብዎት አይቆጡት፤ ከነገ ወዲያም በዚያው ሰዓት ጫማዎን አድርገው በሩ ላይ ይጠብቁት።